አንድ ማርክ ሲታረም ስንት ነገር ይሰላል?

ዛሬ የምንተቸው አንድ የስሌት ዘዴ ነው። 45 ተማሪና 10 የትምህርት ዓይነት ያለበት ሮስተር እናስብ። የአንዷ ልጅ የሒሳብ ውጤት 62 ተብሎ የተመዘገበው 72 ሆኖ ይታረማል። ከዚያ ምን ምን ይለወጣል? የልጅቷ ድምር፣ አማካይዋና ደረጃዋ፤ በአጠገቧ ያሉ የጥቂት ልጆችም ደረጃ። የቀሩት 449 ውጤቶች እንዳሉ ናቸው። ታዲያ ሁሉን ከሀ እስከ ፐ መደመር ለምን? የተነካውን ብቻ ማስላት አይበቃም ወይ? ይህን እኔ እዚህ «በለውጡ ልክ ማስላት» እለዋለሁ።

ኒው ሀልፋን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ የሚመጣው የአትባራ ውሃ ከዋናው ቦይ ወደ ትናንሾቹ ይከፋፈላል። የአንዱ ቦይ በር ሲከፈት ውሃ የሚያገኘው ከሱ በታች ያለው ማሳ ነው። ኮምፒዩተሩም ማን ከማን በታች እንዳለ ካወቀ ሥራው ይቀላል።

ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በፍጥነቱ ነው። በሶላር ለሚሠራ፣ አንዱን ማሽን ለብዙ ለሚካፈል ሰው ፍጥነት ቀላል ነገር አይደለም፣ እውነት ነው። የእኔ መመዘኛ ግን ሌላ ነው፤ በጥቂቱ ተነካክቶ የተገኘው መልስ ከባዶ ተነስቶ ቢሰላ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው ወይ? ለዚህስ ኃላፊው ማነው? ሰው፣ ሰዓት ወይስ ቋንቋው ራሱ?

ሰው ኃላፊ ሲሆን የሚደርሰውን ከባሕረ ሐሳብ እንይ። የ2017 ዓ.ም.ን አበቅቴ ከባዶ ስናወጣ 5500 እና 2017 ተደምሮ 7517፣ ለ19 ተካፍሎ ቀሪው 12፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11፣ በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1 ነው። ለ2018 ይህን ሁሉ መድገም አያስፈልግም፤ በቀደመው ላይ 11 መጨመር ነው፣ 12 ይሆናል። ጥሩ አቋራጭ ነው። በ2024 አበቅቴው 18 ይደርሳል። በ2025 ግን የ19 ዓመቱ ዙር አልቆ ወንበሩ ዜሮ ይሆናል፤ አበቅቴውም ዜሮ፣ ወይም 30። በአቋራጭ የሄደው ሰው 29 ይዞ ቁጭ ይላል! በዙሩ መጨረሻ ላይ 12 መጨመር እንዳለበት ካላስታወሰ የሚያስታውሰው የለም፤ ስህተቱም ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አብሮት ይሄዳል።

ሰዓትን ያመነው ደግሞ ሜክ ነው፤ ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው። ሜክ የፋይሎችን ቀን ያያል፤ ምንጩ ከውጤቱ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ይሠራዋል፣ ካልሆነ ያልፈዋል። እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ነገር ግን የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ ያለቀባት አሮጌ ማሽን ላይ እዩት። ስትነሳ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አሁን ያረምነው ፋይል ከድሮው ውጤት «ያረጀ» ይሆናል፤ ሜክም ምንም የሚሠራ የለም ብሎ ያርፋል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ኤክሴልን ነው። እኔ ኤክሴልን ከፕሮግራሚንግ ቋንቋ እቆጥረዋለሁ (የጽሕፈት ቤት መሣሪያ ብቻ አድርገው ሲያስተምሩት ይከፋኛል)። ብሪክሊንና ፍራንክስተን በ1979 ያወጡት ቪዚካልክ ሰንጠረዡን በረድፍ ወይም በዓምድ ተራ እንዳለ ያሰላ ነበር። በ1985 ለማኪንቶሽ የወጣው ኤክሴል ግን በተነካው ሴል ላይ የተመሠረቱትን ብቻ ማስላት ጀመረ። ቀመር ስንጽፍ ማን ከማን በታች እንዳለ ሳናውቀው ነገርነው ማለት ነው። ደረጃ ላይ ሲደርስ ያባክናል፤ የደረጃ ቀመር መላውን ዓምድ ስለሚያይ ለአንድ ልጅ እርማት 45ቱም ይሰላሉ፣ አብዛኞቹ ያው ቁጥር ሆነው ሊመለሱ።

ይህስ ይሁን። የሚያስፈራው ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ስሌቱን ወደ «ማንዋል» የሚቀይር ሲኖር ነው። ያኔ ማርኩ ይታረማል፣ ድምሩ ግን ኤፍ ናይን እስኪጫን የድሮው ሆኖ ይቀራል። አሮጌዎቹ ኤክሴሎች ከታች በኩል «ካልኩሌት» የምትል ትንሽ ቃል ከማሳየት በቀር አይጮሁም። ይባስ ብሎ ቀድሞ የተከፈተው ፋይል ማንዋል ከሆነ ከኋላው የሚከፈቱትም ማንዋል ይሆናሉ፤ ሁለተኛው መምህር ምን አጠፋ? ሌላው ደግሞ ቀመሩን ደምስሶ ቁጥሩን ብቻ የሚለጥፍ ነው። ቦዩ ተደፈነ ማለት ነው። 72 እና የድሮው ድምር ጎን ለጎን ታትመው ይወጣሉ። የሱዳን ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ ተማሪ ካለበት ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄዷል። በእጁ ያለው ያ ወረቀት ነው፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ድምሩን እንጂ ቀመሩን አያይም።

ኃላፊነቱን ለቋንቋው የሰጡ ተመራማሪዎች አሉ። ኡሙት አጃር በ2005 እ.ኤ.አ. ለካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ፣ ፕሮግራሙ ሲሄድ ምን ምን እንዳነበበ እየመዘገበ፣ ለውጥ ሲመጣ የተነካውን ክፍል ብቻ መልሶ እንዲያስኬድ አደረገ። መልሱ ከባዶ ከተሰላው ጋር አንድ መሆኑም በሒሳብ ተረጋግጧል። እኔ የምፈልገው ይህን ነው። ዋጋው ግን መዝገቡ ነው፤ ሜሞሪ ይበላል፣ የመጀመሪያው ስሌትም ከተራው ፕሮግራም ይዘገያል። ማቲው ሐመርና ባልደረቦቹ በ2014 ያወጡት አዳፕተን ለውጥ ሲደርሰው «ይህ ቆሽሿል» ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ ወዲያው አያሰላም፤ የሚያሰላው መልሱ ሲጠየቅ ነው። ባትሪ ለሚቆጥብ ሰው ይጥማል። ከማንዋሉ ኤክሴል ጋር ቢመሳሰልም ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አዳፕተን ሲጠየቅ የቆሸሸውን አጥርቶ ይሰጣል፣ የድሮውን ቁጥር አያሳይም።

እስከዚያው ሮስተሩ በኤክሴል ነው የሚሠራው። ከማተም በፊት ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ ናይን አብረው ሲጫኑ በተከፈቱት ፋይሎች ያለው ቀመር ሁሉ ከባዶ ይሰላል። በቁጥር የተደፈነውን ቦይ ግን ይህም አይከፍተውም። ለሱ ኮንትሮልን ይዞ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ቁልፍ መንካት ነው፤ ሰንጠረዡ ቀመሮቹን ያሳያል። ከ45ቱ ረድፍ በአንዱ የድምር ቦታ ቁጥር ብቻ ከተገኘ፣ የዚያ ልጅ ውጤት በእጅ ይደመር፣ ቀመሩም ይመለስ።