አሥረኛው ምድር ቤት

ኮምቦልቻ ያለው የወንድሜ ልጅ ባለፈው ክረምት ደሴ እኛ ቤት ሰንብቶ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ላፕቶፑን ታቅፎ ይመጣል፣ ታቅፎ ይሄዳል። አንድ ምሽት ከሳሎን «ጋሼ፣ ሁሉም አለቁብኝ!» ብሎ ሲጮህ ደንግጬ ወጣሁ። ያለቁት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ላፕቶፑ ውስጥ። ስለ ትራጄዲ ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ማን እንደሞተ ሳልጠይቅ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጨዋታው «ዊዛርድሪ» ይባላል። አንድሪው ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1981 ለአፕል ኮምፒውተር የወጣ ነው። ልጁ የሚጫወተው እ.ኤ.አ. በ2024 በአዲስ መልክ የተሠራውን ነው። ታሪኩ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ አንድ ጠንቋይ የንጉሡን ክታብ ሰርቆ አሥር ምድር ቤት ከተደራረበበት ጉድጓድ ግርጌ ተደብቋል፤ ወርደህ አስመልስ ነው ነገሩ።

በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ካየነው ድሃ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ስምና ቁጥር ብቻ ናቸው። ጭራቁ ለምን ጭራቅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ትገድለዋለህ፣ ሣጥኑን ትከፍታለህ፣ ታልፋለህ። የተማሪ ድርሰት ሆኖ ቢመጣልኝ «ሲ» ሰጥቼ እመልሰው ነበር።

ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ካርታው ላይ። እያንዳንዱ ምድር ቤት 20 በ20 ካሬ ነው፤ 400 ካሬ ማለት ነው። አሥሩ ሲደመር 4,000። የድሮው ጨዋታ ካርታ አይሰጥህም። የሚታይህ ከፊትህ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ታመጣለህ፣ እርሳስህን ትቀርጻለህ፣ አንድ በተራመድክ ቁጥር አንድ ካሬ ትስላለህ። ሠሪዎቹ ደግሞ ተንኮለኞች ናቸው። አንዱ ካሬ ላይ ስትቆም ሳታውቀው አዙሮ ያቆምሃል፤ ሰሜን ያልከው ምሥራቅ ሆኖ ይጠብቅሃል። ሌላው ምንም ሳይነግርህ ወዲያ ማዶ ይወረውርሃል። መብራት የማይሠራበት ጨለማም አለ፤ እዚያ ግድግዳ መኖሩን የምታውቀው ስትላተም ነው።

ላሊበላን የተሳለመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው ዋሻ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። አንድ እጅ ከግድግዳው፣ አንድ እጅ ከራስ በላይ፣ ያለ መብራት ነው የሚታለፈው። የስልኩን መብራት አብርቶ የሚያልፍ ሰው ድንጋይ አይቶ ይወጣል።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። መካከል ያሉትን ምድር ቤቶች በአሳንሰር መዝለል ይቻላል። ልጃችንም ዘለለ። አሥረኛው ላይ ግን ከክፍል ወደ ክፍል የሚታለፈው በውጊያ ነው። እዚያ የሚተርፈው ኃይሉ ሳያልቅ መመለሻውን ያሰበ እንጂ ደፋሩ አይደለም። ያለቀ ቡድን ደግሞ በወደቀበት ካሬ ላይ ይቀራል። ሌላ ቡድን አደራጅተህ፣ ካርታህን ይዘህ፣ ወርደህ ሬሳቸውን ታነሣለህ። ካርታ ከሌለህ የት እንደወደቁ በምን ታውቃለህ?

አዲሱ ቅጂ ታዲያ ካርታውን ራሱ ይስልልሃል። «እዚህ እንዴት ደረስክ?» አልኩት ልጁን። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ካርታው አለው፤ መንገዱ የለውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሦስት ገጽ ማጠቃለያ አንብበው ለፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። በዛብህ እንደሚሞት ያውቃሉ፤ አላዘኑለትም እንጂ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጊዜ አለዎት። እኔ አራት ሺህ ካሬ የምስልበት ጊዜ ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለፈተና ለሚያጠና ልጅ አሳንሰር ባይኖር ምን ይውጠዋል?

ግን ይህ ልጅ ካርታ መሳል የማያውቅ ልጅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ እኛ እዚህ፣ እነሱ ከሐረጎ በታች፣ ስልክና መብራት ጠፍቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሳንጠያየቅ ከርመናል። መንገድ ሲከፈት ወርጄ አየኋቸው። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነበር ያኔ። የሒሳብ ደብተሩን አምጥቶ ዘረጋልኝ። ሰፈራቸውን ካሬ በካሬ ስሎታል፤ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ቤት ሰው እንዳለበት፣ በየት በኩል እንደማይታለፍ። ማንም አላዘዘውም። አባቱ ውሃ ሊቀዳ የሚወጣው ያንን አይቶ ነበር።

ይህንን አስታወስኩት። ትንሽ አቀረቀረና «እሱ እኮ ጨዋታ አልነበረም» አለኝ። አልነበረም። ነገር ግን ያኔ ያተረፋቸው ያው ሥራ ነው፤ በእግር ሄዶ፣ በዓይን አይቶ፣ በእጅ መጻፍ። ያንን ችሎታ ለማሽን አሳልፎ የሰጠ ሰው ማሽኑ የጠፋ ዕለት ምን ሊይዝ ነው? መብራት ደግሞ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚጠፋ አንባቢ ያውቃል።

በማግስቱ ከሱቅ ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁና የላፕቶፑን ካርታ አስዘጋሁት። ስድስት አዳዲስ ሰዎች አደራጅተን ከመጀመሪያው ምድር ቤት ጀመርን። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እኛም ያፈሰስነውን ልንለቅም ነው። ትምህርት ሲከፈት ደብተሩን ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ጨለማው ውስጥ ገባሁ። ምን ላድርግ?»

«እርምጃህን ቁጠር» አልኩት።