አውራጅና ተቀባይ፦ ስለ ሆያ ሆዬና ስለ ገና ጨዋታ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር ነሐሴ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የጅራፍ ድምፅ ነው። እረኞች ከልጥ ወይም ከቃጫ የገመዱትን ጅራፍ ከራሳቸው በላይ አዙረው ሲያጮኹት ከማዶው ተረተር ሌላ ጅራፍ ይመልሳል። ካህናት ይህን ድምፅ በታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ ከተሰማው ድምፅ ጋር ያመሳስሉታል፤ ችቦውን በተራራው ላይ ከታየው ብርሃን፣ ሙልሙሉንም በመስክ ላመሹት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው ከወጡት ዳቦ ጋር ያያይዙታል። ይህ ትርጓሜ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ነገሩን በኪነ ጥበብ ዓይን ለሚመረምር ሰው ሌላም ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ጅራፍ ብቻውን አይጮኽም፤ ከማዶ መልስ ያጣ ልጅ ጥቂት አጩኾ ጅራፉን ትከሻው ላይ ይጥላል።

ሆያ ሆዬም የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አውራጁ አንድ ሐረግ ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ በዱላ መሬቱን እየደቁ ይቀበሉታል። ግጥሙ በር ከማንኳኳት ይጀምርና አባወራውንና እመቤቲቱን ወደ ማሞገስ ይሸጋገራል፤ ሙልሙሉ ሲዘገይ ወደ ቀልድና ወደ ሽሙጥ ያዘነብላል፤ ዳቦው ሲወጣ ደግሞ ለከርሞ በሚያደርስ ምርቃት ይዘጋል። በዚህ አካሄድ ውስጥ ሥልጣኑ የአውራጁ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ጨዋታውን ከሩቅ ያየ ነው። ተቀባዮቹ ያልወደዱትን ሐረግ በቀዘቀዘ ድምፅ ሲቀበሉት አውራጁ ፈጥኖ ይተወዋል፤ የወደዱትን ሲያደምቁለት ይደግመዋል፣ ያስረዝመዋል፣ እዚያው ቆሞ አዲስ ይጨምርበታል። ግጥሙ በአንድ ሰው አፍ ይወጣል እንጂ በአንድ ሰው አልተገጠመም። ሦስተኛውም ተዋናይ ከበሩ ወዲያ አለ። ባለቤቱ ሙልሙል ይዞ ሲወጣ መልስ ሰጠ ማለት ነው፤ በሩን ዘግቶ ዝም ቢልም ዝምታው ራሱ መልስ ይሆንና በሚቀጥለው ደጅ ይዘፈንበታል። በሰፈሩ ማን እጁ የተፈታ፣ ማን እጁ የታሰረ እንደ ሆነ የሚታወቅበት ጉባኤ ይህ ነበር፤ ዳኞቹም ልጆች ነበሩ።

የዚህ አገር ሰው ዜማን በመቀባበል መማሩ አያስደንቅም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ትገኛለች፤ የዝማሬ መዋሥዕት መምህራን የሚመሰክሩባት ዙር አባም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነች። ከየአውራጃው የመጣ ተማሪ ዓመታት ፈጅቶ ከእነዚህ ደብሮች ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ዜማውን ብቻ ሳይሆን የአቋቋሙን ሥርዓትም ጭምር ነው። መሪጌታው መካከል ይቆማል፤ ቀኝ ጌታው በአንድ ወገን፣ ግራ ጌታው በሌላው ወገን ተሰልፈው አንዱ ያነሣውን ሌላው ይመልሳል። ከቅኔ ማሕሌቱ ወጥቶ ወደ እርሻው የወረደ ሰው በደቦ አጨዳም ያንኑ ያገኛል፤ ማጭዱ ከአውራጁ ድምፅ ጋር ይነሣል፣ ከተቀባዩ ጋር ይወርዳል። ከጉና ራስ፣ 4,000 ሜትር ካለፈው ውርጭ፣ እስከ ፎገራ ሜዳና እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ ዜማው ይለያያል፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው።

የገና ጨዋታም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በአካል የሚደረግ ቅብብል ነው። ለሜዳው ወሰን፣ ለተጫዋቹ ቁጥር ገደብ የለውም። አንድ መንደር ከሌላው መንደር፣ ላይኛው ቤት ከታችኛው ቤት ይሰለፍና ጥንጓን በቆልማማ ዱላ ሲቀባበል ይውላል። ሽማግሌም ጎረምሳም፣ ጌታም ሎሌም በአንድነት ይገባበታል። በዚያ ቀን አለቃ በጭፍራው ዱላ ቅልጥሙን ቢመታ የማይቆጣበት ልማድ በቀድሞው ሥርዓት ውስጥ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ገባር ለአንድ ቀን ቀና የሚልበት ፈቃድ ነበር። ያ ፈቃድ ገባሩን ነጻ አወጣው ማለት አይደለም። በማግሥቱ ግብሩም ጅራፉም በቦታቸው ነበሩና። ምሽት ላይ አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል፤ ተሸናፊውም በግጥም ይመልሳል። ስድቡ የሚቆረቁር ቢሆንም ፊት ለፊት ስለሚባልና መልስ ስለሚያገኝ ቂም ሆኖ ለማደር ጊዜ አያገኝም። ዱላ የያዙ ሁለት መንደሮች ቀኑን ሙሉ ተጋፍተው ማታ በአንድ ጋን ዙሪያ የሚቀመጡበትን ጥበብ ማኅበራዊ ኑሮን የሚያጠና ሁሉ ሊመረምረው ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ አሠራር ወደ መድረክ ሲወጣ ምን ሆነ የሚለው ነው።

ሥልጣን የያዘ ሁሉ ዜማን ሲፈራም ሲፈልግም ኖሯል። ፋሺስቱ ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ተይዘው እንዲረሸኑ ካዘዘባቸው መካከል እየዞሩ በዜማ ወሬ የሚነግሩ ሰዎች ይገኙበታል። መትረየስ የታጠቀ ጦር ማሲንቆ የያዘን ሰው መፍራቱ በስንኙ ብቻ አልነበረም፤ ስንኙን ሰምቶ የሚያስተላልፈውን ተቀባይ ነበር የፈራው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል መጣ። በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ የአገሬው ዜማ ከየመንደሩ ተሰብስቦ ለቅስቀሳ ዋለ። የዚያ ዘመን ሥራ ሲገመገም ሚዛኑ በሁለቱም በኩል ሊታይ ይገባል። ቀድሞ በንቀት ይታይ የነበረው ዘፋኝና አዝማሪ ከያኒ ተብሎ በአደባባይ እንዲቆም፣ የባላገሩ ልጅም ከበሮውን ይዞ የከተማ መድረክ እንዲረግጥ በር ተከፍቷል። ጉድለቱ ብዙዎች እንደሚሉት ፖለቲካ ወደ ዜማው መግባቱ አልነበረም። ንፉጉን ባላባት በደጁ ቆሞ የሚሸነቁጥ ሆያ ሆዬ ድሮስ ከፖለቲካ መቼ ተለይቶ ያውቃል? ጉድለቱ መልሱ አስቀድሞ መጻፉ ነው። ተቀባዩ የሚለውን በወረቀት ተቀብሎ አጥንቶ በወጣ ጊዜ የማቀዝቀዝና የማድመቅ ሥልጣኑን አጣ፤ ከዚያ በኋላ አውራጁ ያሻውን ቢያወርድ የሚመልሰው አልነበረም። ይዘቱ አዲስ ሆኖ ሳለ ቅርጹ ባዶ ቀረ።

ይህ ጉድለት የሙዚቃው ብቻ አይደለም፤ የቴአትሩም ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ይህ መድፍ ገደልና ወንዝ እየተሻገረ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» ጀምሮ ስለ ንጉሡ የተጻፉት ድራማዎች ግርማቸውንና ብቸኝነታቸውን በማሳየት ረገድ የሚመሰገኑ ናቸው፤ ገመዱን የያዙት በመቶ የሚቆጠሩ እጆች ግን በመድረኩ ላይ እምብዛም አይታዩም። አንድ ሰው ብቻውን መካከል ቆሞ ይናገራል፤ ጎታቹ ወይ አጨብጫቢ ነው ወይ የለም። ሰባ ኩንታል ብረት ያለ አንድ የኅብረት ድምፅ ከዚያ አቀበት ላይ እንዴት እንደ ወጣ የሚጠይቅ ተውኔት ገና ጸሐፊውን ይጠብቃል።

ዛሬ ደግሞ ሆያ ሆዬ ወደ ስቱዲዮ ገብቷል። አንድ ድምፃዊ ያወርዳል፤ ተቀባዩ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሆኖ ድምፁ በመሣሪያ ይባዛል። ዜማው የለስላሳ መጠጥም የስልክ አገልግሎትም መሸጫ ሆኗል። ከተማ ውስጥ ልጆች ከድምፅ ማጉያ ሥር ቆመው በተቀዳው ላይ አፋቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ፣ ባለቤቱም ሙልሙሉን በብር ለውጦ ገና ግጥሙ ሳይጀመር ሰጥቶ ሲገላገላቸው ማየት የተለመደ ነው። ብሩን መንቀፍ አያስፈልግም፤ የከተማ ኑሮ ነውና። ነገር ግን ሳይሰሙ መስጠት መልስ አይባልም። በመድረክ ላይም የእረኛው ልብስ፣ ጅራፉና ዱላው አሳምረው ይቀርባሉ፤ ተመልካቹ በወንበሩ ተቀምጦ ያያል፣ ሲያልቅ ያጨበጭባል። ጭብጨባ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ አቀባበል ነው፤ ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ ዓይነት ድምፅ አለው።

የገናው ሜዳ የወረሰው ስታዲዮምም ከዚሁ አላመለጠም። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ የአስመራውም የአዲስ አበባውም ተጫዋች በአንድ መለያ ተሰልፎ ነበር። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፎ በ2010 ዓ.ም. ወልድያና መቀሌ ሊጋጠሙ በነበረበት ሰሞን በወልድያ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የሁለቱ ክልሎች ክለቦች በየሜዳቸው መገናኘት ተስኗቸው ገለልተኛ ሜዳ እስከ መፈለግ ተደረሰ። በስታዲዮም የሚዘፈነው ስድብ በገናው ሜዳ ከሚባለው ይልቅ የከፋ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። በገናው የሚሳደቡት ሁለት መንደሮች የሚተዋወቁ፣ የሚጋቡ፣ በደቦ የሚገናኙ ናቸው፤ ስድባቸው መልስ ያገኝና ማታ ይዘጋል። በስታዲዮሙ አንዱ ወገን ይሰድባል፣ ሌላው በሌላ ከተማ ሆኖ ይሰማል፤ መልሱ በድንጋይ ወይም በቀጣዩ ዙር ይመጣል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ባነሣ ጊዜም ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ይደረግ ስለ ነበረ ጎንደሬው ደጋፊ ድሉን በአብዛኛው የተከታተለው ከቴሌቪዥን መስኮት ነው። ደስታው ትልቅ ነበር፤ ተጫዋቹና ሕዝቡ ግን በአንድ ሜዳ አልተቀባበሉትም።

በዚያው ዓመት አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያው ወደ ደቡብ ጎንደር ደርሶ ነፋስ መውጫ በትግራይ ተዋጊዎች እጅ ገባች፤ በደብረ ታቦር ከተማም ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎችን፣ ከአንድ ቤትም የቤተሰብ አባላትን ገደለ። የጅራፉ ወር ነበር። ከማዶው ተረተር የሚመጣን ድምፅ ለመመለስ ጆሮውን ያቀና የነበረ ልጅ በዚያ ወር ከማዶ የሚመጣን ድምፅ መሸሽን ተማረ። ሁለት ዓመት አልፎ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ቡሄ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ቡሄ የምሽት በዓል ነው፤ በብዙ ከተሞች ግን ምሽት ከቤት መውጣት ተገደበ። የተቀዳ ሆያ ሆዬን የሰዓት እላፊ አያግደውም፤ በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ክፍል ይሰማል። ከደጅ ቆሞ የሚዘፈነው ግን የሚከፈት በር ያስፈልገዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሩ ሲንኳኳ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ሙልሙሉን አይደለም።

በዚህ ምክንያት የቡሄን ጉዳይ የቅርስ ጥበቃ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም። ልብሱና ዜማው በሙዚየምና በፊልም ሊቀመጥ ይችላል። በሚተዋወቁ ደጆች መካከል ሽሙጥን ሰምቶ የመሳቅ፣ ስድብን ሰምቶ በግጥም የመመለስ ልማድ ግን የሚኖረው ሲሠራበት ብቻ ነው፤ ሁለትና ሦስት ክረምት የተቋረጠ እንደ ሆነ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ከማን ይማረዋል? በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃና የስፖርት መምህራን፣ በየከተማውም የኪነት ቡድን መሪዎች ለቡሄና ለገና በሚያደርጉት ዝግጅት ከአንድ ነገር ቢጀምሩ ይበጃል። ልምምዱ በተጻፈ ግጥም አይከፈት፤ በመጀመሪያ ተቀባዮቹ ይሰብሰቡ፣ አውራጁንም እነርሱ ይምረጡት፣ ሐረጉ ካልጣማቸው እንዲያቀዘቅዙት ይፈቀድላቸው። ገናውም ቢሆን ለተመልካች ከሚደረግ ትርኢት ይልቅ ሁለት ሰፈሮች በቁጥር ሳይገደቡ የሚገቡበት ጨዋታ ይሁን፤ ማታም የአሸናፊው ግጥም የተሸናፊውን መልስ ሳይሰማ አይዘጋ። መድረክ የግድ ከሆነ ወንበሮቹ ከመካከል ይነሡና ሕዝቡ በግራና በቀኝ ይቁም። ሙልሙሉን ተመልካቹ ከቤቱ ይዞ ይምጣ።