«ዞኮሎ» እና የክብ ቤት ቃላት፦ ስለ አንድ የሙያ ስያሜ የቀረበ ሂስ

በግድግዳና በወለል መጋጠሚያ ላይ ዙሪያውን ለሚገጠመው ጠባብ ጣውላ የግንባታ ሠራተኞች «ዞኮሎ» የሚል ስም አላቸው። ቃሉ የጣሊያንኛ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የእንጨት ጫማንም የሕንፃ እግርንም ያመለክታል። እንደ «ፌሮ» እና እንደ «ላሜራ» ሁሉ የሙያው ንብረት ሆኗል። ይህን ቃል ባዕድ ነው ብሎ የሚንቅ ተርጓሚ ሌላውን ባዕድ፣ ማለትም እንግሊዝኛውን፣ ቃል በቃል ተከትሎ «የመሠረት ሰሌዳ» ወደ ማለት ሊያዘነብል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ሂስ የሚያተኩረው በዚህ ዝንባሌ ላይ ነው።

«መሠረት» በአማርኛ ከመሬት በታች ሆኖ ቤቱን የሚሸከመው ነው። ይህ ጣውላ ግን አንዳች አይሸከምም። ተግባሩ የግድግዳውን እግር ከመጥረጊያና ከውሃ መጠበቅ፣ የመጋጠሚያውንም ክፍተት መሸፈን ነው። ስለዚህ ስያሜው ፍች የሚሰጥ መስሎ ያሳስታል።

ግድግዳው ቀጥ ያለ ሲሆን ስሕተቱ በስም ብቻ ይወሰናል። ክብ ሲሆን ግን የቃል ምርጫ ወደ ሥራው ይተላለፋል። በዚህ ረገድ የመካነ ሰላምና የዙሪያዋ ደጋ፣ ይኸውም የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላና የአማራ ሳይንት የቤት አሠራር ሊጤን ይገባዋል። በነባሩ ክብ ቤት ማገሩ በግድግዳው እንጨቶች ዙሪያ እየጎበጠ ይታሰራል፤ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፤ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ መደቡም ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ጭቃ ዙሪያውን ያለ መገጣጠሚያ ስለሚከተል በዚህ ቤት ዞኮሎ አላስፈለገም። ዞኮሎን በክብ ግድግዳ ላይ ለመግጠም የሚያሻው ግስ ግን አስቀድሞ ነበረ።

ይኸውም «ማጉበጥ» ነው። የሥራ መመሪያ «ጣውላውን እጠፈው» ቢል አናጢው የሚረዳው እንደ ጨርቅና እንደ ወረቀት በአንድ መሥመር ላይ መደረብን ነው፤ እንጨት በዚህ መንገድ ይሰበራል። «አጉብጠው» ቢባል ግን ኃይሉ በርዝመቱ ሁሉ እንዲከፋፈል ያውቃል።

ሁለተኛው ጉድለት የጥንድ ስያሜ ነው። በክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የቆመ ሰው በአንድ ወገን የውጭውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ በሌላው ወገን የቅድስቱን ግድግዳ ወደ እርሱ ጉብ ብሎ ያያል። ለሁለቱም «ክብ ግድግዳ» ማለት አይበቃም። «ጎድጓዳ ገጽ» እና «ጉብ ያለ ገጽ» ብሎ መለየት ይሻላል። «ጎባጣ» ግን በሁለቱም ላይ የሚገጠመው እንጨት የሚይዘው መልክ ስለሆነ ለመለያ አይመችም።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። ወፍራም ጣውላ እንዲጎብጥ በጀርባው በኩል በመጋዝ ተደጋጋሚ መሥመሮች ይወጡለታል። በጎድጓዳ ገጽ ላይ እነዚህ መሥመሮች ይከፈታሉ፤ ጉብ ባለው ገጽ ላይ ይዘጋሉ። 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ጉብ ያለ ሩብ ክብ ሲዞር ጀርባው ከፊቱ በ23.6 ሚሊሜትር ያህል ማጠር አለበት። መጋዙ 3 ሚሊሜትር የሚያነሣ ከሆነ መሥመሮቹ ወደ 8 ይጠጋሉ። ይህ ስሌት ለጎድጓዳው ገጽ አይሠራም፤ ስለዚህ መመሪያው የትኛውን ገጽ እንደሚናገር ካልለየ ጣውላው ይባክናል።

ለመሥመሮቹም ስም ያስፈልጋል። «ስንጥቅ» ጉዳትን ስለሚያመለክት ተገቢ አይደለም። ገበሬው በማረሻ ለሚያወጣው መሥመር ያለው «ትልም» ግን ሆን ተብሎ፣ በልክና በተርታ የወጣ መሆኑን ይገልጻል፤ «የጀርባ ትልም» ቢባል አናጢውም ተርጓሚውም ይግባባሉ።

እንግዲህ የምናቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው። «ዞኮሎ» በሙያው ቋንቋ ይጽና። ለመዝገበ ቃላትና ለመማሪያ መጽሐፍ ፍች «የግርጌ ክፈፍ» አብሮት ይግባ፤ «ግርጌ» ከአልጋ ተነሥቶ «የግርጌ ማስታወሻ» እስከ መሆን የደረሰ፣ ለማስፋፋት የተመቸ ቃል ነውና። ከሁሉ በላይ የስያሜ ሥራ በስም ብቻ አይወሰን፤ ግሱንም ይሰብስብ። ቤቱ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን፣ ክዳኑም ከሣር ወደ ቆርቆሮ በተለወጠ ቁጥር ማገር የሚያጎብጥ እጅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቃሉም የሚጠፋው ከእጁ ጋር ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሳያልፍ ጠይቆ መመዝገብ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይቀድማል።