እግሩን ገዝተው ጭንቅላቱን ጣሉት

ሂስ ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ፊልም ወይም ስለ ዘፈን ነው የሚጻፈው። እኔ ዛሬ የምተቸው ጠረጴዛ ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ትስቃላችሁ።

እዚህ ቤይሩት የምሠራበት ቤት፣ ሳሎኑ መግቢያ ላይ አንድ የሲንጀር እግር አለ። እግር የምለው የስፌት መኪናውን መቆሚያ ነው። ያ ጥቁር፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘው ብረት፣ ከታች መርገጫ፣ በጎን ትልቅ መዘውር ያለው። መኪናው ግን የለም። በእሱ ፋንታ ነጭ እብነ በረድ ተጭኖበታል፣ በእብነ በረዱ ላይ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ። ማዳም እንግዳ በመጣ ቁጥር «አንቲካ ነው» ትላለች። እንግዶቹም ይዳብሱታል፣ ያደንቃሉ። እኔ በየሳምንቱ በጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን ጥምዝ አጸዳለሁ። ስለዚህ ዕቃ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እንግዳ ገና አልመጣም።

ደግሞ የማውቀው በማጽዳት ብቻ አይደለም። እናቴ ደሴ ውስጥ ሱቅ በረንዳ ላይ በእንዲህ ያለ መኪና ትሰፋ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም በእሷ እጅ ያለፈ ነው። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ለደላላው የተከፈለው ብር ያ መኪና ተሽጦ የተገኘ ነው። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። የሲንጀር ኩባንያ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ መሥራቹ አይዛክ ሜሪት ሲንጀር ይባላል። ያን ጊዜ መኪናው ለተራ ቤተሰብ አይቀመስም ነበር። በ1856 ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ ዘዴ አመጣ፦ ትንሽ ቅድሚያ ክፈሉ፣ ዕቃውን ውሰዱ፣ የቀረውን በየጊዜው ትከፍላላችሁ። ይኸው ነው ወደ ድሃ ቤት ያስገባው። እቁብ ጥላ ዕቃ የገዛች ሁሉ ይገባታል። ልዩነቱ እቁብ ላይ ተራሽ እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ፣ እዚያ ግን ዕዳውን እየሰፋሽበት ትከፍያለሽ።

መኪናው ሳሎን እንዲገባ ደግሞ የቤት ዕቃ መምሰል ነበረበት። ለዚህ ነው ብረቱ በአበባና በሐረግ ቅርጽ የተሠራው። ክፍት ክፍት መሆኑ ግን ለውበት ብቻ አይደለም። ድፍን ቢሆን ማን ያነሳዋል? እንዲያም ሆኖ መኪናው ሲሮጥ እንዳይንቀጠቀጥ አጥብቆ ይይዛል። መሳቢያዎቹ ሰፊዋ ሳትነሳ እጇ የሚደርስበት ቦታ ላይ ናቸው፤ ክር፣ ቁልፍ፣ መቀስ ያዥ ነው። በግራ በኩል የሚዘረጋው ሳንቃ ጨርቁ ወደ መሬት እንዳይጎተት ይደግፋል። አንዳንዱ ላይ መኪናው ራሱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ክዳኑ ሲዘጋ ተራ ጠረጴዛ ይሆናል። ቁጭ ብሎ የሚሠራን ሰው ወገብ ያሰበ ሰው የሠራው ነው።

አሁን ወደ ፋሽኑ ልምጣ። እዚህ አገር አሮጌ የስፌት ጠረጴዛ ይወደዳል። ባስታ ሰፈር ባሉት የአንቲካ ሱቆች፣ ከቤይሩት ወንዝ አጠገብ ባለው የእሁድ ገበያም ታገኙታላችሁ። ሰዎች ገዝተው ምን ሲያደርጉት አየሁ? ሦስት ዓይነት።

አንደኛው እንደ እኛ ቤት ያለው ነው፤ እብነ በረድ ጭኖ ማስቆም። ያምራል፣ አልክድም። ግን መርገጫውን እንዳይወዛወዝ በሽቦ አስረውታል። እንዲሄድ የተሠራን ነገር አስረው «እንዴት ያምራል» ይላሉ። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፣ እናንተ ትረዱኛላችሁ።

ሁለተኛው የቡና ቤት ጠረጴዛ ማድረግ ነው። አንድ እሁድ ከጓደኛዬ ጋር ገባንና ተቀመጥን። ጉልበታችን ተጋጨ፣ እግሬ መርገጫውን ሲነካው መዘውሩ ዞረ፣ ቡናው ፈሰሰ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ይህ ጠረጴዛ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው፤ በአንድ በኩል ቁጭ ብላ ለምትሠራ ሴት። ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚያወራበት ቦታ የለውም።

ሦስተኛውን አሽራፊዬ ጓደኛዬ የምትሠራበት ቤት ነው ያየሁት። መሳቢያው፣ ክዳኑ፣ ቺንጋው፣ መኪናው ሁሉ አለ። ቺንጋውን አዲስ የቆዳ አስገብተውለታል። አሠሪዋ እስከ ዛሬ የመጋረጃ ጠርዝ ትሰፋበታለች፣ መብራት ሲጠፋም አታቆምም፤ በእግር እንጂ በመብራት አይሠራማ። አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዲኖሩ መኪናው ከእግሩ መነጠል አለበት። የተነጠለው የት ይሄዳል? እሁድ ገበያ ሄጄ ሻጩን ጠየቅሁት። ለእግሩ ብቻ 90 ዶላር አለኝ። መሳቢያዎቹን ለብቻ ይሸጣል፣ ሰው አበባ ይተክልባቸዋል አለ። «መኪናውስ?» አልኩት። መሬት ላይ ከተከመረ ብረት መሃል አንዱን በእግሩ እየነካ «እሱን ማንም አይፈልገውም፣ 15 ስጪኝና ውሰጂው» አለኝ። እህቶቼ፣ የሚሰፋው እሱ ነው! እግሩን ገዝተው ጭንቅላቱን ጣሉት ያልኩት ለዚህ ነው።

ለማዳም ግን ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ያ እግር የእናቷ ነው። እናቷን ቴታ ነው የምንላቸው፣ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። በጦርነቱ ጊዜ የልጆቹን ልብስ ሁሉ በእሱ ሰፍተዋል። ማዳም ስታስቀረው ለትዝታ ብላ ነው። መኪናው ግን ቤቱ ሲታደስ ከፍርስራሽ ጋር ወጥቶ ተጣለ። አንድ ቀን ከሰዓት ቴታ ከእብነ በረዱ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው መርገጫው ላይ ነው። ሽቦውን ፈታሁላቸው። ረገጡ፣ መዘውሩ ባዶውን ዞረ። «ምንም አይጎትትም» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሽቦውን መልሼ አላሰርኩትም።

በሚቀጥለው እሁድ ያችን የ15 ዶላር መኪና ገዛኋት። እናንተም ለመግዛት ካሰባችሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ። መዘውሩን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩት፤ መርፌው ወጥቶ መውረድ አለበት። ከጠበቀ ወዲያው አትተዉት፣ ብዙ ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው፤ ላምባ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ብታሳድሩት ይላቀቃል። የተሰበረ ብረት ካያችሁ ግን ተዉት። የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ቦቢንና ማቀፊያው መኖሩን እዩ፤ እሱ ከጎደለ መፈለጉ ያንገላታል። በጣም በድሮዎቹ ላይ ታችኛው ክር ቀጭን ረጅም ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ታንኳ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል፤ ለሥራ ከሆነ ክብ ቦቢን ያለውን ምረጡ። ሲንጀር ከሆነ በቀኝ በኩል ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ፊደል ከሌለው ከ1900 በፊት የተሠራ ነው። ሻጩ «በጣም ያረጀ ነው» ብሎ ዋጋ ቢሰቅል አትደንግጡ። ሲንጀር በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ስለሠራ እድሜ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ክብደቱ ከ10 ኪሎ በላይ ነው፣ የሻንጣችሁን ኪሎ ቀድማችሁ አስሉ።

መኪና ገዝቶ መግባት ሁሉን ይፈታል አልልም። የእናቴን ገበያ ያቀዘቀዘው ሳልባጅና ተሰፍቶ የመጣ ርካሽ ልብስ ነው፤ እሱ ዛሬም አለ። ግን ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የተቀደደ ይጠገናል፣ ሱሪ ያጥራል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ባዶ እጅ ከመግባት ይሻላል።

ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ መኪናዋን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አወጣታለሁ። ቴታ ክሩ በየት በየት እንደሚያልፍ ያሳዩኛል፣ እኔ መዘውሩን በእጄ አዞራለሁ። እስካሁን ሁለት የትራስ ልብስ ሰፍተናል፣ አንዱ ጠማማ ነው። ስመለስ ከልብሴ ቀድማ ሻንጣ የምትገባው እሷ ናት። እግር ደሴ አይጠፋም፣ ከጠፋም በያጅ አለ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለችና «ድምፅዋን አሰሚኝ» አለችኝ። ስልኩን አጠገቧ አድርጌ አዞርኩላት።

እናንተም ገበያ ላይ ያያችሁት ካለ በማኅበሩ በኩል ጻፉልኝ። ቸር ሰንብቱ።