በጠርሙስ ውስጥ ስለሚቆም አልጌ፤ ትርፍ ብርሃን ስለሚለካበት ዘዴ የቀረበ ትችት

የአልጌን ብርሃን አስተጻምሮ የሚያስተምሩ መጻሕፍት አንድ የታወቀ ሥዕል ያሳያሉ። ብርሃን ሲጨምር የሚወጣው ኦክሲጂን ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ መጠኑ ባለበት ይጸናል፤ ብርሃኑ ከዚህም ሲያልፍ መሥመሩ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ለዚህ ለመጨረሻው ማዘቅዘቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትርጓሜ «አልጌው በብርሃን ተጎዳ» የሚል ነው። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፥ ትርፍ ብርሃን አልጌን ሊጎዳ እንደሚችል እኛም አንክድም። ነገር ግን የመሥመሩ መውረድ ሁሉ ጉዳት ተብሎ መቈጠሩን አንቀበልም።

በመጀመሪያ፥ በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው መከላከል ነው። ክሎሮፊል የሰበሰበው ብርሃን ሕዋሱ ሊሠራበት ከሚችለው በላይ ሲሆን፥ ትርፉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይወጣል። ይህ በሴኮንዶችና በደቂቃዎች ይጀምራል፤ ብርሃኑ ሲቀንስም ቶሎ ይቆማል። ሁለተኛው እውነተኛው ጉዳት ነው። ፎቶሲስተም ሁለት በሚባለው ክፍል እንብርት ያለው ዲ1 የተባለ ፕሮቲን ሲበላሽ፥ ሕዋሱ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ መሥራት ስላለበት ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። ዝናም ሲመጣ በሩን የዘጋ ሰውና ጎርፍ ቤቱን ያፈረሰበት ሰው አንድ አይደሉም። ኦክሲጂንን ብቻ የሚለካ ተመራማሪ ግን ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ ዘዴው ነው። ጋርደርና ግራን በ1927 ባሳተሙት ዘዴ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አንድ ብርሃን የሚያሳልፍና አንድ የጨለመ ጠርሙስ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ለሰዓታት ይንጠለጠላሉ፤ በሁለቱ መካከል ካለው የኦክሲጂን ልዩነትም የተሠራው መጠን ይሰላል። ከዚህ ዘዴ ብዙ ዕውቀት እንዳገኘን የታወቀ ነው። ነገር ግን ጠርሙሱ ቆሞ ይውላል፤ የሐይቅ ውሃ ግን አይቆምም።

ለዚህ ከቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ታሊንግ፥ ዉድ፥ ፕሮሰርና ባክስተር በ1973 ስለ ኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች ባወጡት ጥናት፥ የዚህ ሐይቅ አልጌ የብርሃን አስተጻምሮ ልክ እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያን ጊዜ ሐይቁን የሞላው በኋላ አርትሮስፒራ የተባለው ስፒሩሊና ነበር። አልጌው ስለሚበዛ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል፤ ብርሃኑም አንድ ሜትር እንኳ ሳይዘልቅ ያልቃል። እንግዲህ በነፋስ የሚናወጥ አንድ ሕዋስ በአጭር ጊዜ ከቀትር ፀሐይ ወደ ጨለማ፥ ከጨለማም ወደ ፀሐይ ይመላለሳል ማለት ነው። በጠርሙስ ውስጥ ከውሃው ገጽ አጠገብ ታስሮ የዋለው ጓደኛው ግን ከፀሐይ የሚሸሽበት የለውም። የዚህን እስረኛ ድካም ለሐይቁ ሁሉ መስጠት ትክክል አይመስለንም።

የብርሃን መለዋወጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ1973 ያልነበረ ማስረጃ ዛሬ አለን። በ2009 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፥ ክላሚዶሞናስ የተባለው አረንጓዴ አልጌ ትርፍ ብርሃንን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኤልኤችሲኤስአር በሚባል ፕሮቲን አማካይነት መሆኑን አስረድቷል። ይህን ፕሮቲን የሚሠሩ ሁለት ጂኖች የጎደሉት ዘር፥ በሚለዋወጥ ብርሃን ውስጥ ከጤነኛው ጋር ሲወዳደር ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ የመከላከያው ጥቅም በደንብ የሚገለጠው ብርሃን ከፍ ዝቅ ሲል ነው፤ ብርሃን ባለበት የሚቆምበት ሙከራ ግን ይህን ጥቅም ይሸፍነዋል።

በዚህ ላይ መጻሕፍቱ የሁሉንም ተክል መከላከያ በአንድ ሥዕል መግለጻቸው ሌላ ጉድለት ነው። አበባ ያላቸው ተክሎች የሚጠቀሙበት ፕሮቲን ፒኤስቢኤስ የሚባለው ሲሆን፥ ክላሚዶሞናስ ከላይ በጠቀስነው በሌላ ይሠራል። የአረንጓዴ ሐይቁ አርትሮስፒራ ደግሞ፥ ዛሬ ከባክቴሪያ ወገን የሚቈጠር በመሆኑ፥ ከሁለቱም ይለያል። ካሮቲኖይድ የያዘው ብርቱካንማ ፕሮቲኑ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ከብርሃን ሰብሳቢው ክፍል ጋር ተጣብቆም ትርፉን ወደ ሙቀት ይመልሳል። ዓላማው አንድ ቢሆንም መሣሪያው ሦስት ዓይነት ነው።

ለተቃራኒው ሐሳብ ግን ተገቢውን ቦታ እንሰጣለን። አርትሮስፒራ በውስጡ የጋዝ ከረጢቶች ስላሉት፥ ነፋስ በማይኖርበት ሰዓት ወደ ገጽ ይንሳፈፋል። እንዲህ ባለው ሰዓት በፀሐይ ፊት በእውነት ይቆማልና ጠርሙሱ እውነቱን ሊናገር ይችላል። ክርክራችን ጠርሙሱ ይጣል ለማለት ሳይሆን ብቻውን ምስክር አይሁን ለማለት ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ከቆመው ጠርሙስ ጎን በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚደረግ ሌላ ጠርሙስ ይንጠልጠል። ሁለተኛ፥ በብርሃን የዋለው አልጌ ለጥቂት ደቂቃዎች ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቆይቶ እንደገና ይለካ። ቶሎ የተመለሰው ኃይል መከላከል እንደነበረ፥ ያልተመለሰው ደግሞ አብዛኛው ጉዳት እንደሆነ መገመት ይቻላል። ይህ ሳይደረግ በሪፖርታችን ላይ «ተጎዳ» ብለን ብንጽፍ፥ ያላየነውን እንደ መመስከር ይቈጠራል። የሐይቁን ምርት የሚያሰላም ሆነ ስፒሩሊናን በገንዳ የሚያረባ ሰው በዚያ ቃል ተመርቶ ሊሳሳት ይችላል።