«የበሽተኛው ዘረ መል» የማን ነው? በጉበት ንቅለ ተከላ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ጉበት ንቅለ ተከላና ከዚያ በኋላ ስለሚወሰዱ መድኃኒቶች ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ረቂቅ በቅርቡ ቀርቦልን ተመልክተነዋል። ተርጓሚው ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ዓረፍተ ነገሩም የማይጎረብጥ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ስያሜዎች አንባቢውን ሐኪሙ ከሚለው ወደ ተቃራኒው ሊወስዱት እንደሚችሉ ስለ ተገነዘብን ይህን አጭር ሂስ ለማቅረብ ተነሥተናል። የምንተቸው ስያሜዎቹን እንጂ ተርጓሚውን አይደለም፤ እኛም ብንሆን የቃላት ዝርዝር ስናዘጋጅ ተመሳሳይ ስሕተት መፈጸማችንን አንክድም።

የመጀመሪያው «ሜታቦሊዝም» ለሚለው ቃል የተሰጠው አቻ ነው። ረቂቁ በአንድ ገጽ «መፈጨት»፣ በሌላው «መርከስ» ይለዋል። «መፈጨት» የወፍጮና የጨጓራ ቃል ነው። እህል ቢፈጭ ዱቄት ይሆናል እንጂ ሌላ እህል አይሆንም፤ መድኃኒት ግን የጉበት ኢንዛይሞች ሲያገኙት ኬሚካዊ ባሕርዩ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። «መርከስ» ደግሞ የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎች አንድ መድኃኒት ኀይሉን ሲያጣ የሚሉት ስለሆነ ለጆሮ የቀረበ ቢሆንም፣ ለውጥን ሁሉ ጥፋት ያደርገዋል። ይህም እውነት አይደለም። በንቅለ ተከላ ሕክምና የሚታዘዘው ፕሬድኒሶን ሥራውን የሚሠራው በጉበት ውስጥ ወደ ፕሬድኒሶሎን ሲለወጥ ነው። የሕመም ማስታገሻው ኮዲን ኀይሉን በአብዛኛው የሚያገኘው ወደ ሞርፊን በመለወጡ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን አንባቢ ሩቅ አይደለም። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29 ያህሉ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚያስገኘው ዘረ መል ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። ኮዲንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ይኸው ኢንዛይም ነው። እነዚህን ሰዎች «መድኃኒት በፍጥነት የሚረክስባቸው» ብንላቸው አንባቢው ኮዲን አይሠራላቸውም ብሎ ይደመድማል። የሚያሰጋው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሞርፊን በአንድ ጊዜ ይበዛባቸዋል።

ስለሆነም ለመፍረስም ለመበርታትም የሚያገለግል ገለልተኛ ቃል ያስፈልጋል። የግእዙን «ውላጤ» ያነሡልን ነበሩ፤ ነገር ግን ቃሉ በነገረ መለኮት ክርክር የጸና ትርጓሜ ስላለው ከዚያ ነቅሎ ማምጣቱን አልወደድነውም። በበኩላችን «ልውጠተ መድኃኒት» የሚለውን እናቀርባለን። ቃሉ ይረባል፤ «ለዋጭ ኢንዛይም»፣ «ፈጣን ለዋጭ»፣ «ዘገምተኛ ለዋጭ» ለማለት ያስችላል። የማይረባ ስያሜ በዝርዝር ላይ ያምር እንደሆን እንጂ በድርሰት ውስጥ አይሠራም።

ሁለተኛው «ጂን» ለሚለው የተሰጠው «ዘር» ነው። በዚህ ላይ አንዘገይም። «የዘርዎ ዓይነት መድኃኒቱን ቶሎ ይለውጣል» የተባለ ሕመምተኛ ስለ ነገዱ የተነገረው ይመስለዋል። «ጂን» ብሎ መተውም ከርኩስ መንፈስ ስም ጋር ያጋጨዋል። «በራሂ» በሥነ ሕይወት ትምህርት የታወቀ ቢሆንም ከትምህርት ክፍል ውጭ ብዙም አይሰማም። «ዘረ መል» ግን በጋዜጣም በራዲዮም ስለ ተለመደ እርሱን እንቀበላለን።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ስሕተት ቃል ሳይሆን አገናዛቢ ነው። ረቂቁ ከዳር እስከ ዳር «የበሽተኛው ዘረ መል» ይላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፎገል እ.ኤ.አ. በ1959 «ፋርማኮጄኔቲክስ» የሚለውን ስያሜ ሲያወጣ፣ አንድ ሰው በመላ አካሉ አንድ ዓይነት ዘረ መል አለው ብሎ መነሣት ይቻል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ቶማስ ስታርዝል በዴንቨር ከተማ የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ጉበት የተተከለለት ሰው በአንድ አካል የሁለት ሰው ዘረ መል ይዞ ይኖራል።

ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። ታክሮሊመስ የሰውነት መከላከያ የተተከለውን ጉበት እንዳያጠቃ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መጠኑ ቢያንስ ጉበቱ ይጠቃል፤ ቢበዛ ኩላሊት ይጎዳል። ከለዋጮቹ አንዱ ሲዋይፒ3ኤ5 የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ ይህን ኢንዛይም በሚገባ የሚያስገኝ ዘረ መል ያላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚለውጡት በደማቸው የሚገኘው መጠን ዝቅ ይላል። ኢንዛይሙ በአንጀት ግድግዳም በጉበትም ይገኛል። እንግዲህ ከንቅለ ተከላው በኋላ አንጀቱ የተቀባዩ፣ ጉበቱ የለጋሹ ነው። ከተቀባዩ ክንድ የተቀዳ ደም ስለ አንጀቱ ዘረ መል ይመሰክራል፤ ስለ አዲሱ ጉበት ግን አይመሰክርም።

ሲፒክ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የባለሙያዎች ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። መመሪያው ሲዋይፒ3ኤ5ን የሚያስገኙ ሕመምተኞች ታክሮሊመስን ሲጀምሩ ከተለመደው መጠን 1.5 እስከ 2 እጥፍ እንዲሰጣቸው ይመክራል። ጉበት ለተተከለላቸው ግን ምክሩ የሚሠራው የለጋሹና የተቀባዩ ዘረ መል አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው ይላል። «የበሽተኛው ዘረ መል» የሚለው አባባል ይህን ገደብ ይውጠዋል።

ተርጓሚው ይህን አባባል ከኩላሊት ንቅለ ተከላ ጽሑፎች ቀድቶት ይሆናል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተጀመረ ወዲህ «ንቅለ ተከላ» የሚለው ቃል ራሱ የብዙኃን ቃል ሆኗል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው አንጀቱም ጉበቱም የራሱ ስለሆኑ በዚያ «የበሽተኛው» ማለት ትክክል ነው። ያው ሐረግ ወደ ጉበት ሲዛወር ግን ይሳሳታል። ከመዝገበ ቃላት ብቻ የሚሠራ ተርጓሚ ይህን ሊያየው አይችልም።

የሚገርመው ግን ገበሬው ያወረሰን ቃል እውነቱን አስቀድሞ መያዙ ነው። የቡና ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ በሌላ ሰው ማሳ ቢተከል የሚያፈራው እንደ ዘሩ ነው፤ አዲሱ አፈር ሊያፋፋው ወይም ሊያቀጭጨው ይችላል እንጂ ዘሩን አይለውጠውም። «ንቅለ ተከላ» ያለ ተርጓሚ ይህን ምሳሌ በእጁ ይዞ ሳለ በሚቀጥለው መስመር ችግኙን በማሳው ባለቤት ስም መጥራት አልነበረበትም።

ስለዚህ «የተቀባዩ ዘረ መል» እና «የተተከለው ጉበት ዘረ መል» የሚሉት ተለይተው እንዲጻፉ እናሳስባለን። «የለጋሹ ዘረ መል» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን ለጋሹ ጉበቱን ከፍሎ የሰጠና በሕይወት ያለ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ መድኃኒት መጠን በሚነገርበት ቦታ ጉበቱን መጥቀሱ ይሻላል። «ፈጣን ለዋጭ» ሲባልም ሰውየው ነው ወይስ ጉበቱ የሚለው በየዓረፍተ ነገሩ ሊታወቅ ይገባል።

ስያሜ በዝርዝር ላይ ብቻ አይፈተንም፤ ከአገናዛቢውና ከግሡ ጋር በዓረፍተ ነገር ገብቶ መታየት አለበት። በተለይ «ልውጠት» በሚለው ምርጫችን ላይ የተሻለ ሐሳብ ያላቸው አንባብያን ቢጽፉልን በሚቀጥለው ዝግጅት እንመለስበታለን።