ለአንድ ጆሮ ብቻ የተሠራ

የጆሮ ሞልዱ፣ ማለትም ለጆሮ በልክ የሚሠራው መሰኪያ፣ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ አይሰማም። የሕፃን ከሆነ ከባቄላ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። የተሠራው ከለስላሳ ሲሊኮን ነው፤ ጣት ሲጫነው ይታጠፋል፣ ሲለቀው ይመለሳል። ሰፊው ጎኑ የውጭውን ጆሮ ጎድጓዳ ይሞላል። ከዚያ የሚወጣው ቀጭኑ ክፍል ወደ ጆሮ ቀዳዳ ይገባል። ቀጥ ያለ አይደለም። የሰው ጆሮ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ስለሚታጠፍ እሱም ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። መሐሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ያቋርጠዋል። የቱቦው የውስጥ ስፋት ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው የመስሚያ መሣሪያ ያጎላው ድምፅ ሁሉ በዚህ ጠባብ መንገድ ያልፋል።

መሣሪያውን ፋብሪካ ይሠራዋል፤ አምሳያው በብዛት ይመረታል። ሞልዱ ግን አንድ ነው። የዚያው ሰው ሌላኛው ጆሮ እንኳ አይቀበለውም። ለዚህም ሲባል የቀኙ በቀይ፣ የግራው በሰማያዊ ይለያል። የኦዲዮሎጂስት፣ ማለትም የመስማት ችሎታ ባለሙያ፣ እጅ በጉልህ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በተለይ ጆሮው የሚኖረው ደጎሎ ከሆነ።

ደጎሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ናት፤ ብርዳማ የደቡብ ወሎ ደጋ። ጆሮውን ሊያስመረምር ከዚያ የሚነሣ ሰው ወይ በወረኢሉ በኩል ደሴ ይገባል፣ ወይ የወንጪት ወንዝን ገደል ወርዶ በዓለም ከተማ በኩል አዲስ አበባ ይደርሳል። በሀገራችን የመስማት ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ያለውም በትልልቅ ከተሞች ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሞልዱ ቢቆረቁረው በሳምንቱ ተመልሶ ያስተካክላል። ደጎሎ የተመለሰ ሰው አውልቆ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። መንገዱ በረዘመ መጠን የመጀመሪያው ልክ ስሕተት አይችልም።

ልኩ ከድምፅ ይጀምራል። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ ቢቻል ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ነገር የተለበሰ ይሁን። «አባባ፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ፤ በጣም ቢያንስም ያንሡ» ትላለች ባለሙያዋ። ደኅና የሚሰማው ጆሮ ይቀድማል። የመጀመሪያው ድምፅ 1000 ኸርዝ ነው። ከተሰማ በ10 ዴሲቤል ዝቅ ታደርገዋለች። እንደገና በ10። እጁ መነሣቱን ሲተው በ5 ከፍ። ሲሰማ በ10 ዝቅ፣ ሲጠፋ በ5 ከፍ። ከታች ወደ ላይ ስትመጣ ቢያንስ በግማሹ ሙከራ የተሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ይመዘገባል። ሬይመንድ ካርሃርትና ጄምስ ጀርገር ይህን አካሄድ አስተካክለው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ከዚያ 2000፣ 4000፣ 8000፤ ተመልሶም 500 እና 250።

ድምፁ በእኩል ልዩነት ከመጣ ሰው ሳይሰማም ጊዜውን ገምቶ እጁን ያነሣል። ስለዚህ ባለሙያዋ አንዴ ታፋጥናለች፣ አንዴ ታዘገያለች። ሰውየው እጇ ቁልፉ ላይ መሆኑን አያይም። እሷ ግን ፊቱን ታያለች። ቅንድቡ ተንቀሳቅሶ እጁ ከዘገየ ያንኑ ድምፅ ትደግመዋለች።

ቀጥሎ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ትንሽ ነዛሪ ታሳርፋለች። አሁን ድምፁ በጆሮ ቀዳዳ አይገባም፤ የራስ ቅሉን አንቀጥቅጦ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። በአየር የመጣውን ያልሰማ ሰው በአጥንት የመጣውን ደኅና ከሰማ፣ እንከኑ ከውስጠኛው ጆሮ በፊት ነው። ኩክ ሊሆን ይችላል፤ ከታምቡሩ ኋላ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ በልጅነት መግል ሲያወጣ ኖሮ የተበሳ ታምቡር፣ ወይም ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው እርካብ የሚባለው አጥንት መጣበቁ። እንዲህ ያለው ሰው መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ከአንገት በላይ ሐኪም ያየዋል።

በአጥንት የተሰጠ ድምፅ ግን ሌላኛውም ጆሮ ጋ ይደርሳል። ደኅናው ለታመመው እንዳይመልስለት መያዝ አለበት። ለዚህ የማያቋርጥ ሹሹታ ይለቀቅበታል። ሹሹታው ካነሰ ደኅናው ጆሮ ያዳምጣል። ከበዛ የራስ ቅሉን ተሻግሮ የሚመረመረውን ጆሮ ይሸፍናል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ባለሙያዋ ደረጃ በደረጃ ትፈልገዋለች። ከምርመራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ተቻኩሎ የተሠራ ወረቀት የሚጋለጠውም እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱ የሚሠፍርበት ወረቀት ኦዲዮግራም ይባላል። ቀይ ክብ የቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ የኤክስ ምልክት የግራ። ከግራ ወደ ቀኝ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከላይ ወደ ታች እየጎላ። ወፍጮ ቤት ለዓመታት የቆመ ሰው መስመር 4000 ኸርዝ ላይ ሊሰረጉድና 8000 ላይ መልሶ ሊወጣ ይችላል። የዕድሜ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። እንደ ካናማይሲን ያሉ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጡ የነበሩ መርፌዎች የሚያደርሱት ጉዳት ብዙ ጊዜ ከቀጭኑ ድምፅ ጫፍ ይጀምራል።

ወደ ቀኝ የሚያዘቀዝቅ መስመር ያለው ሰው «እሰማለሁ፣ የሚሉት ግን አይገባኝም» ይላል። ልክ ነው። የአናባቢዎቹ ጉልበት በወፍራሙ ድምፅ በኩል ስላለ አሁንም ይደርሰዋል። ስ እና ሽ በቀጭኑ በኩል ስለሆኑ ያመልጡታል። «እንደምን ዋልሽ» ሲባል የመጨረሻዋ ድምፅ ከሌለች ሰላምታው ለማን እንደሆነ አይለይም። እንዲህ ላለው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል ማጉላት ስሕተት ነው። ሱቅ ላይ ያለ ልኬት የሚሸጥ ማጉሊያ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው።

አሁን የጆሮው ቅርጽ ይወሰዳል። ባለሙያዋ የጆሮ መመልከቻውን፣ ኦቶስኮፑን፣ ስትይዝ የእጇን ጎን ጉንጩ ላይ ታሳርፋለች። ሰውየው ድንገት ቢዞር እጇም መሣሪያውም አብረው ይዞራሉ፤ ጆሮው አይወጋም። የአዋቂን ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ታደርጋለች፤ የሕፃንን ወደ ታችና ወደ ኋላ። ቀዳዳው ንጹሕ ከሆነ፣ ታምቡሩም ካልተበሳ ትቀጥላለች።

ክር የታሰረበት ትንሽ ስፖንጅ ከሁለተኛው መታጠፊያ አልፎ ይገባል። ሥራው ሲሊኮኑ ታምቡሩ ጋ እንዳይደርስ ማገድ ነው። የአዋቂ ጆሮ ቀዳዳ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ቦታው ጠባብ ነው። ስፖንጁ ካነሰ ሲሊኮኑ ያመልጣል፤ ከተለቀ አይገባም። ክሩ ወደ ውጭ ይቀራል።

ሲሊኮኑ ሁለት ቀለም ያለው ሁለት ክፍል ነው። እኩል ተቆርሶ፣ ቀለሙ አንድ ወጥ እስኪሆን ይታሻል። ከዚህ በኋላ መጠንከር ስለሚጀምር መዘግየት የለም። ወደ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ይገባል። የሲሪንጁ ጫፍ ስፖንጁ አጠገብ ይጀምራል፤ ቀዳዳው ሲሞላ ወደ ኋላ ይመጣል። ከሲሊኮኑ ግን አይወጣም፤ ከወጣ አየር ይገባል። ቀዳዳው፣ ጎድጓዳው፣ ከላይ ያለው እጥፋት ሳይቋረጥ በአንድ ፍሰት ይሞላሉ። በጣት መጫን ክልክል ነው፤ የጆሮ ልስልስ አካል ከተጫኑት ቅርጹን ይለውጣል።

መንጋጋም አለ። አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የጆሮ ቀዳዳው የፊት ግድግዳ ይንቀሳቀሳል። አፍ ተዘግቶ ብቻ የተወሰደ ቅርጽ፣ ሰውየው እንጀራ ሲያኝክ ክፍተት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ጉልበት ያለው መሣሪያ ለሚያደርግ ሰው በጥርሱ መካከል ማገጃ አስነክሳ ቅርጹን ታወጣለች። ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ጥፍር ተጭኖበት ምልክት ካልቀረ ደርቋል። ጆሮው ቀስ ብሎ ሳብ ሳብ ይደረግና አየር ይገባል፤ የላይኛው እጥፋት ይለቀቃል፤ ከዚያ ቅርጹ ወደ ፊት እየዞረ ይወጣል። ወዲያው ጆሮው እንደገና ይታያል። ቅርጹም ይመረመራል። ሁለቱ መታጠፊያዎች በግልጽ ከሌሉበት፣ ወይም አረፋ ካለበት፣ ይጣላል። እንደገና ይወሰዳል።

ላቦራቶሪ ቅርጹን ይሞርዳል፣ በሰም ያለሰልሳል፣ ሻጋታ አውጥቶ በአክሪሊክ ወይም በሲሊኮን ይሠራዋል። አሁን አሁን በስካነር ተነብቦ ይታተማል። የውስጡ ጫፍ ይሞለሞላል፤ የጆሮ ቀዳዳው ውስጠኛ ክፍል በአጥንት ላይ የተለበጠ ስስ ቆዳ ነውና ሹል ነገር አይችልም። ወፍራም ድምፅ ደኅና ለሚሰማ ሰው ከዋናው ቀዳዳ ጎን የአየር ማስተንፈሻ ይበሳል። ያለ እሱ የራሱ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ይመስለዋል። ማስተንፈሻው ከሰፋ ደግሞ የጎላው ድምፅ ወደ ውጭ አምልጦ ማይክሮፎኑ ጋ ይደርሳል፤ መሣሪያው ያፏጫል።

ሞልዱ ሲመጣ ቱቦው ረጅም ነው። የሚቆረጠው ጆሮ ላይ ተለክቶ ነው። መሣሪያው ከጆሮ ጀርባ ይደገፋል፣ ቱቦው ከመሣሪያው መንጠቆ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ከረዘመ መሣሪያው ጆሮው ላይ ይንገዳገዳል። ካጠረ ሞልዱን ስቦ ያወጣዋል። በእኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ያማረው ይህ አንድ ቆረጣ ነው፤ መሣሪያው፣ ቱቦውና ጆሮው አንዱ ሌላውን ሳይጎትት የሚቀመጡበት ልክ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ በሞልዱ ጎን ቀጭን የመለኪያ ቱቦ ይገባል፤ ጫፉ ከታምቡሩ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆማል። ድምፅ ማጉያው በለሆሳስ፣ በመደበኛና በጉልህ ድምፅ ይናገራል። እዚያ ጥልቀት የሚደርሰው ድምፅ ስክሪን ላይ ይታያል። ይህ ልኬት ግድ ነው። የሕፃን ጆሮ ቀዳዳ ትንሽ ስለሆነ ያው መሣሪያ ከአዋቂው ይልቅ ብርቱ ድምፅ ይፈጥርበታል። ጉልሁ ድምፅ የሚያመውን ወሰን እንዳያልፍ ይገደባል።

በመጨረሻ መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና አለ፤ ያቀናበረው ዳንኤል ሊንግ ነው። ባለሙያዋ አፏን በወረቀት ጋርዳ ም፣ ኡ፣ አ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ ትላለች። ስድስቱም የአማርኛ ድምፆች ናቸው፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የንግግርን ስፋት ይሸፍናሉ። እናት ቤቷ ሆና በየጠዋቱ ልትሠራው ትችላለች። ትናንት ስን የደገመ ልጅ ዛሬ ከተወው ቱቦው ተዘግቷል፣ ወይም ባትሪው አልቋል፣ ወይም ጆሮው ታሟል።

እጁን ማንሣት ለማያውቅ ሕፃን ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስታወቀው ግኝት አለ፤ ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ራሱ ደካማ ድምፅ ይመልሳል፣ ማይክሮፎንም ይለቅመዋል። ከፍ ላለ ልጅ ቆርኪና ጣሳ ይበቃል። ድምፅ ሲሰማ አንድ ቆርኪ ይጥላል። መሣሪያ የማይረዳው ጆሮም አለ። ይህን ሳትሸፍን ተናግራ ቤተሰቡን ወደ ምልክት ቋንቋ የምትመራ ባለሙያ ሙያዋን በሚገባ ሠርታለች።

ደጎሎ የራሷን ጥያቄ ታቀርባለች። ብርድ ነውና ሰው ጋቢውን እስከ ጆሮው ይከናነባል። ጋቢው ከሞልዱ ጠርዝ የሚያመልጠውን ድምፅ መልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገፋዋል። ስለዚህ ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት ጋቢውን እንደ ቤቱ ተከናንቦ መፈተን አለበት፤ በባዶ ራስ ያላፏጨው እዚያ ሊያፏጭ ይችላል። የጆሮው ሞቃት እርጥበትም ብርዱ ቱቦው ውስጥ ወደ ውኃ ጠብታ ይለውጠዋል። አንድ ጠብታ 2 ሚሊ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ትበቃለች። ቱቦውን ከመሣሪያው ነቅሎ ጠብታውን በትንሽ የጎማ መንፊያ ማስወጣት ለቤተሰብ ሊያስተምሩት የሚገባ ሥራ ነው።

ቱቦ ይደርቃል፤ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይለወጣል። የሕፃን ጆሮ ያድጋል፤ ሞልዱም አብሮ ይቀየራል። በቀጠሮው ቀን አሮጌው ሞልድ አብሮ ይምጣ። ባለሙያዋ በመጀመሪያ ጆሮውን ታያለች። ቆዳው የቀላበት ካለ ሞልዱን መልሳ አግብታ በዚያው አንጻር ምልክት ታደርግበታለች፤ ከዚያ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ትሞርዳለች። አሮጌው ቱቦ ይነቀላል። የአዲሱ ጫፍ በሰያፍ ተቆርጦ ይቀጥናል፣ በቀዳዳው ያልፋል፣ በወዲያኛው በኩል ተይዞ መታጠፊያው ሞልዱ ላይ እስኪያርፍ ይሳባል። የተረፈው ከሞልዱ ጫፍ ጋር እኩል ይቆረጣል።